ኮረሪማ የጠቀለልኩበት ደብዳቤ

«አንቺ ማንበብ አትችይም እንዴ?» አሉኝ አሮጊቷ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ አሁን የሸጥኩላቸውን ጥቁር አዝሙድ መዳፋቸው ላይ ገልብጠው መጠቅለያውን ዘረጉት።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከጆንያው ነዋ።»

በእኛ ሱቅ ቅመም የሚጠቀለለው፣ ባለቤቷ እትዬ ከቆራሌው በኪሎ በሚገዙት አሮጌ ወረቀት ነው። የፈተና ወረቀት በሉት፣ የልጆች ደብተር በሉት፣ የማይመጣ የለም። እኔ ደግሞ እጄ ሲሠራ ዓይኔ አያርፍም፤ ሳላነብ የጠቀለልኩት የለም። ስለዚህ አንገበገበኝ።

«አንብቤዋለሁ» አልኳቸው። «የአንደኛ ክፍል ልጅ ነው የጻፈው። መስመሩን ለቆ ቁልቁል ሲወርድ አያዩትም?»

«ልጅ? ይህን ስትጽፍ የአራት ልጆች እናት ነበረች! ጎረቤቴ ናት፤ አብረን ነው ፊደል የቆጠርነው።»

በርጩማ ሳብኩላቸው። ተቀምጠው ነገሩኝ። «የክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ነበረን፣ እዚሁ አዲስ ከተማ። መሪያችን ከጸሎት በኋላ ፊደል ያስተምሩናል። መጻፍ የቻለች ሴት የመጀመሪያ ደብዳቤዋን የምትጽፈው ለእሳቸው ነው። አንዱንም ሳይጥሉ ሣጥን ውስጥ አኖሩት። ባለፈው ክረምት ሲያርፉ ዘመዶቻቸው ሣጥኑን ለራሳቸው አስቀርተው ወረቀቱን ለቆራሌው ሰጡት። የእኔም ደብዳቤ እዚያ ውስጥ ነበር።»

«ምን ብለው ጽፈው ነበር?»

«ረሳሁት፣ ልጄ። ለዚህ እኮ ነው የምፈልገው።»

ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፍኩት። እትዬ ከውስጥ ጮኹ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ዛሬ ደግሞ ሱቁን በአፍጢሙ ልትደፊው ነው?»

«በዚህ ወረቀት ከእንግዲህ አልጠቀልልም፣ እትዬ።»

«በርበሬውን በመዳፋቸው ልትሰፍሪላቸው ነዋ!»

አንድ በአንድ ለየን። የመሪዋ ማስታወሻ ወጣ፤ ጽሑፋቸው ቀጥ ያለ ነው። «ዛሬ ዝናብ ነበር። ሦስት ሴቶች ብቻ መጡ። ጣራው ያፈሳል። አስተማርኩ» ይላል። ወደድኳቸው፤ ነገር አያስረዝሙም። ከዚያ ደብዳቤዎቹ ወጡ። በአንዱ ላይ «ስሜን ጻፍኩ። ባሌ አላመነም» የሚል አለ። አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። «እሱማ እስኪሞት አላመነም!»

አስራ አንድ ደብዳቤ አገኘን። የእሳቸው የለም። ጆንያውን አራገፍኩት፤ አቧራ ብቻ ወጣ።

«ምልክት የለውም?»

«ከሥሩ በቀይ እርሳስ አበባ ሥዬበት ነበር። ቦታ ተርፎኝ።»

እጄ ቀጥ አለ። ጠዋት ሱቅ እንደከፈትን፣ መሳለሚያ ምግብ ቤት ላላት ደንበኛችን ኮረሪማ ስጠቀልል ያንን አበባ አይቼዋለሁ። «ይቺ ልጅስ ከፊደሉ ሥዕሉ ይሻላታል» ብዬ ስቄያለሁም።

ምን እደብቃለሁ። «እኔ ነኝ የሸጥኩት» አልኳቸው። «ጠዋት ኮረሪማ ጠቅልዬበት ወጥቷል።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ኮረሪማ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«በርበሬ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ይነበባል» አሉ። «በርበሬ ቢሆን አበባዬን በልቶት ነበር።»

ሽርጤን ፈታሁ። እትዬ የለየናቸውን ወረቀቶች ሰብስበው፣ እያጉረመረሙ፣ ከሚዛኑ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አወጧቸው።

«በዚህ ገበያ የት ልትሄጂ ነው?»

«መሳለሚያ።»

«እግርሽን ማን ያሰረው! ቆይ እንጂ፣ ባዶ እጅሽን? ሴትዮዋ ኮረሪማዋን ምን ላይ ልትገለብጠው ነው?» ብለው አንድ ሙሉ ጋዜጣ ወረወሩልኝ።

ጋዜጣውን ብብቴ ሥር ወትፌ፣ አሮጊቷን «ከዚህ እንዳይነሱ» ብዬ፣ በጋሪዎቹ መሃል ወደ መሳለሚያ ሮጥኩ።