ሦስት ክረምት በሐምሌ ገጾች

ዙልሚራ ለሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አንሶላ ስታጥብ ኖራለች፤ መጀመሪያ በሆስፒታል፣ አሁን ደግሞ በሳንታ ኮምባ የአረጋውያን መኖሪያ። ወገቧ አልቋል። ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አይታጠፉላትም። ከምሳ በኋላ ማድረቂያው አርባ ደቂቃ ሲዞር ባልዲ ገልብጣ ትቀመጥና ስልኳን ታወጣለች። እንደ ሌላው ሰው ወሬ አታይበትም፤ የሞቱ ቄሶችን የእጅ ጽሑፍ ታነባለች።

የደብሩ የጥምቀት መዝገብ ነው። ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል። ድሮ መዝገቡን ለማየት ሁለት አውቶቡስ መያዝ፣ ማመልከቻ ማስገባት፣ ከዚያም «ምን ሊያደርግልሽ ነው?» የሚል ጸሐፊ ፊት መቆም ነበር። ምን ሊያደርግላት! የገዛ ዘሯን ልትፈልግበት ነዋ! ባለርስቶቹ የዘር ሐረጋቸውን አስጽፈው ሳሎናቸው ሲሰቅሉ «ለምን?» ያላቸው የለም። አሁን ማንም ሰው ያለ ክፍያ፣ ያለ ደጅ ጥናት ይገባል። በሩን መክፈታቸው ደግ ነው። ግን ውስጡ ጨለማ ነው፤ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ላቋረጠች አጣቢ ያንን የጉንዳን መንገድ የመሰለ ጽሑፍ ማን አስተማራት?

የምትፈልገው አንድ ስም ብቻ ነበር። እናቷ ፌሊስሚና ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ እዚያው መኖሪያ ፎቁ ላይ ትጦራለች። የፌሊስሚና አባት ሚጌል «የመንኮራኩር ልጅ» እየተባለ ኖሮ ሞተ። ያልተፈለገ ሕፃን ሌሊት ግድግዳ ውስጥ በሚዞር የእንጨት ሳጥን ተደርጎ ወደ መነኮሳቱ ይገፋ የነበረበት ዘመን ስድብ ነው፤ እናት የለህም ማለት ነው። በሙታን ቀን የመንደሩ ሰው ሁሉ የሞቱበትን ዘመዶች ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለቄሱ ይሰጣል፤ ስማቸውም በቅዳሴ ላይ ይነበባል። ፌሊስሚና ሰባ ዓመት ሙሉ የአባቷን ስም ሰጥታለች። የአባቷን እናት ስም ግን አንድም ቀን አልሰጠችም፤ ከየት አምጥታ?

«ልጄ፣ ዘንድሮም ካላገኘሽው ለከርሞ እኔም ወረቀቱ ላይ ነኝ» አለቻት።

በእጃቸው ያለው ከሚጌል የጋብቻ ወረቀቶች መካከል የተገኘ ቁራጭ ማስታወሻ ነው፦ «ሚጌል፣ 29 7ብሮ 1884»። ሰባት ማለት ከጥር ሲቆጠር ሰባተኛው ወር፣ ሐምሌ ነው ብላ ዙልሚራ ሦስት ክረምት ሐምሌን አገላበጠች። የ1884ን ሐምሌ ጨረሰች። ቄሱ ተሳስቶ ይሆናል ብላ የፊቱንና የኋላውን ዓመት ሐምሌ አየች። የጎረቤት ደብሮችንም። ማንንም አልጠየቀችም፤ ብትጠይቅ «የመንኮራኩሩ ዘር ሥር ፍለጋ ወጣች» ሊሏት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው መኖሪያ የሚጦረው የቀድሞ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ካዚሚሮ በከዘራው እየተደገፈ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባ።

«ዛሬም አንድ እግር ካልሲ! ማሽንሽ ቀኙን ብቻ ነው እንዴ የሚበላው?»

«ጋሽ ካዚሚሮ፣ ዛሬስ ይተዉኝ፣ ደክሞኛል።»

«ምንድነው እሱ ላይ ያፈጠጥሽው? ባል ፍለጋ ነው?»

«ባል ቢሆንማ እስካሁን ተገኝቶ ይፈታ ነበር።»

ሳቀና ጉልበቷ ላይ የነበረችውን ወረቀት አነሣ። አነበባት። እንደገና ሳቀ፤ እስኪያስለው።

«ይቺን ነው ሐምሌ ላይ የምትፈልጊው?»

«ሰባት አይደል የሚለው?»

«ሰባት በእኛ አፍ ምንድነው?»

«ሴቴ።»

«እስቲ ሴቴ-ብሮ በይ።»

ዙልሚራ አለችው። ሴቴብሮ። ሴቴምብሮ። መስከረም!

«ቄሶቹ ቀለም ሲቆጥቡ እንዲያ ነው የሚጽፉት፤ ጥቅምትን በስምንት፣ ኅዳርን በዘጠኝ። ደግሞስ ሰውየው ሚጌል ተብሎ በሐምሌ ይወለዳል? ሚጌል ማለት ሚካኤል፣ በዓሉም በእኛ ዘንድ መስከረም 29 አይደለም? ጭንቅላትሽንም ከአንሶላው ጋር አጠብሽው እንዴ?»

ስድቡን አልሰማችውም። እስከ መስከረም 29 ድረስ ገጾቹን አሳለፈች። ሚጌል። ስልኩን ሰጠችው፤ ካዚሚሮ መነጽሩን አስተካክሎ ጮክ ብሎ አነበበ።

«... ሚጌል፣ ያላገባችው የሮዜንዳ ልጅ። እናት፦ የሰው ቤት አገልጋይ፣ የዚሁ ደብር ተወላጅ። አባት፦ ያልታወቀ። የክርስትና አባት፦ ደወል ደዋዩ። የክርስትና እናት፦ እመቤታችን ማርያም።»

ለክርስትና እናትነት የምትቆም ሴት ስትጠፋ የእመቤታችንን ሐውልት ዘውድ አውርደው የሕፃኑን ራስ ያስነኩታል፤ መዝገቡም ላይ ስሟን ይጽፋሉ። በዚያ ሁሉ መንደር፣ በዚያ ሁሉ ጸሎተኛ ሴት መካከል፣ ያቺን አገልጋይ «ግድ የለም፣ እኔ እይዝልሻለሁ» ያላት አንዲት አልነበረችም! ሰማይ ድረስ ሄደው ለመኑ፤ ጎረቤት ለመሄድ ግን አፈሩ። ሚጌልም የመንኮራኩር ልጅ አልነበረም። እናት ነበረችው። ስሟ በቀለም ተጽፎ ቆልፈውበት፣ ቁልፉን የያዙት ዝም ብለው፣ ሌላው እየሰደበ ሦስት ትውልድ አለፈ።

«እርስዎም ‹የመንኮራኩር ዘር› ብለዋታል» አለች ዙልሚራ። «ትምህርት ቤት መንገድ ላይ እናቴን እየተከተሉ።»

«ልጆች ነበርን እኮ።»

«ፎቁ ላይ ናት። ይውጡና ይንገሯት።»

ካዚሚሮ ከዘራውን አየ። «ደረጃው አይሆነኝም» ብሎ ወጣ። ሊፍት መኖሩን ሁለቱም ያውቃሉ።

በሙታን ቀን ዙልሚራ እናቷን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍታ ቤተ ክርስቲያን አስገባቻት። ቄሱ አምስት መንደር የሚያዳርስ ሰው ነው፤ ከዚህ ወደ ሌላው ሊሮጥ መቶ አርባውን ስም እንደ ባቄላ ያፈሰዋል። ዙልሚራ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ የሰጠችው የሮዜንዳ ስምም መጣና አለፈ።

«ጠራት?» አለች ፌሊስሚና።

«ጠራት፣ እማዬ።»

«አልሰማሁም።»

ዙልሚራ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምጿን አሰምታ አታውቅም። ወገቧን ይዛ ተነሣች።

«አባ፣ ይቅርታ። ሮዜንዳን ይድገሙልን። ቀስ ብለው።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ቄሱ ሰዓቱን አየ፣ ወረቀቶቹን ወደ ኋላ ገልብጦ ፈለገ፣ ከዚያም ሮ–ዜን–ዳ ብሎ አነበበ። ፌሊስሚና አማተበች። ዙልሚራም ተቀመጠች። ቄሱ የቀሩትን ስሞች ሳይጨርስ እናቷ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ አልቀሰቀሰቻትም።