ሁለተኛው ዓይኗ

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ከመደርደሪያዬ አንድ አሮጌ የግጥም መጽሐፍ አውርዳ፣ የመጨረሻውን ሥዕል እያየች «እማማ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» ስትለኝ ነው ነገሩ ሁሉ የመጣብኝ።

አሜሪካ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የአበሻ ምግብ ቤት ገና አንድ ሁለት በነበረበት ዘመን፣ ከአንዱ ጎን ሚስተር ዌልስ የሚባል ሽማግሌ ማተሚያ ቤት ነበረው። የጥንት እንግሊዞችን የፍቅር ግጥም፣ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደላትን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ በወፍራም ወረቀት ላይ በእጁ ያትማል። ጎረቤት ሽንኩርት ማቁላላት ሲጀምር የቀለሙ ሽታ ይሸነፍ ነበር። እኔ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው፤ ታዲያ በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ስሞነጫጭር አየኝና የሚያትመውን መጽሐፍ ሥዕሎች እንድሠራ ሰጠኝ። የት ተማርሽ ቢለኝ፣ ጋሼ የምላቸው አጎቴ ቤተ ክርስቲያን ሲስሉ ከኋላቸው ቆሜ ነው አልኩት። ጋሼ ግን አሜሪካ ከገቡ ወዲህ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራሉ እንጂ ብሩሽ ነክተው አያውቁም ነበር።

ለመጨረሻው ግጥም ሚስተር ዌልስ የሟች ሚስቱን ፎቶ አመጣ። የቀረችው አንዲት ፎቶ ናት፤ ሳንታ ሞኒካ፣ ባሕሩን ስታይ በጎን የተነሣችው። የግጥሙ ሴት እሷን ትምሰል አለኝ። እኔም እንዳየሁት ለኅትመት ቀረጽኳት።

አንድ ቅዳሜ፣ የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ አስፋልቱን በሸፈነበት ሰሞን፣ ጋሼ ሊወስዱኝ መጡ። ለሙከራ የታተመውን ወረቀት አንሥተው ብዙ አዩት።

«ምን በድላ ነው?» አሉኝ።

«ማን?»

«ሴትዮዋ ናታ። በአንድ ዓይን ያስቀረሻት።»

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። ፎቶው አስረስቶኝ ነበር። ሚስተር ዌልስ ምን እንዳሉ ሲጠይቀኝ፣ እንዳይከፋው እየፈራሁ ነገርኩት። በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ሌላውን ጎኗን እኮ ረስቼዋለሁ» አለ። «እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ይህን ስተረጉምላቸው ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ስትስቅ ቀድሞ የሚጨፈነው የትኛው ዓይኗ ነበር? በይ ጠይቂው።»

ግራው አለ። ጋሼ ስለ ቅንድቧ ጠየቁ፣ ስለ ጉንጯ፣ ስትናደድ ምን እንደምትመስል። እሱ ሲመልስ፣ እኔ ስስል ስሰርዝ፣ ጎረቤት ምሳው አልቆ ራት ደረሰ። በመጨረሻ ወረቀቱን አዞርኩለት። ሁለቱም ዓይኖቿ ያዩታል።

«መጣች» አለ፣ ቀስ ብሎ።

መጽሐፉ የታተመው በዚያ ሥዕል ነው።

ለልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሰው የወደደውን ፊት እንዲህ በቀላሉ የሚረሳ አይመስለኝም፤ የሚጠይቀው ሲያጣ ነው የሚጠፋበት። ከዚያ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ያለችውስ ማን ናት አለችኝ። እሷማ የጋሼ ሚስት ናት፤ ወደ ሱዳን ስንሻገር መንገድ ላይ ያረፈችው። ጋሼ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ፣ በሳምንቱ፣ ቀለምና ብሩሽ ገዝተው ሣሏት። ፎቶ አልነበራትም።