የባልቴቷ ዕድሜና የየሻረግ ሳፋ

በልደታ ሰፈር ዓባይነህን የማያውቅ አልነበረም፤ ጆሮው የደነቆረ እንኳ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ያውቀው ነበር። ከጦርነቱ በፊት ከአንድ አርመን ነጋዴ የገዛት አሮጌ የጦር ጭነት መኪና ነበረችው። የየትኛው አገር ጦር እንደነበረች የሚያውቅ የለም። አንዱ የእንግሊዝ ናት ይላል፣ ሌላው የፈረንሳይ፤ ሚስቱ የሻረግ ደግሞ «የሰይጣን ናት» ብላ ነገሩን ትቋጨዋለች። ሰፈሩ ስም ቢያጣላት «ባልቴቷ» ብሏት ዐረፈ። የቤቱ እንጀራ ግን ከእሷ ነበር፤ ከሆለታ እንጨት፣ ከሰበታ ጤፍ እየጫነች ተክለ ሃይማኖት ታራግፋለች።

በ1930 ሚያዝያ ላይ ጣሊያን አዋጅ አስነገረ። ጭነት መኪና ያለው ሁሉ ለምርመራ ያቅርብ፤ በጦርነቱ የንጉሡን ሠራዊት ያገለገለ መኪና ይወረሳል። ባልቴቷ እንኳን ማይጨው፣ እንጦጦንም ወጥታ አትጨርስም። ዓባይነህ ግን ሞተሯን ሲወለውል ከጎኑ በተለጠፈች የነሐስ ሰሌዳ ላይ አንድ ቁጥር አየና ላብ አጠመቀው፤ 1928። ጠላት የገባበት ዓመት!

«ይህን ያየ ለዘመቻ የተሠራች ናት ብሎ ይወስዳታል» አለና ሰሌዳዋን ነቅሎ ወረወራት። እሱ ራሱ ባልቴቷን የገዛት በ1924 መሆኑ ትዝ አላለውም። የፈራ ሰው አያሰላም።

የሻረግ ደግሞ የሚጣል ነገር አትወድም። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ቂጡ ተበስቶ ነበርና፣ ሰሌዳዋን አንስታ ከሳፋው ጋር ጌጃ ሰፈር ወዳለው ቆርቆሮ ሠሪ ወደ ሂርጳ ወሰደቻት። ሂርጳ አጥብቆ ለጠፈላት፤ ከዚያ ወዲያ ሳፋው ጠብ አላለም። ዓባይነህም አይቶ «ማን ሳፋ ይመረምራል?» ብሎ ተደሰተ።

የምርመራው ቀን መርማሪው ጣሊያን ባልቴቷን ዞሮ ዞሮ አያትና ሞተሯ ጎን አራት ቀዳዳ አገኘ።

«እዚህ ሰሌዳ ነበረ ወይ? ይላል» አለ አስተርጓሚው በከር።

«ልደታን! ኖሮ አያውቅም!» አለ ዓባይነህ፣ አራቱ ቀዳዳዎች አፍጥጠው እያዩት።

መርማሪው ራሱን ነቀነቀ። በከር አዘነለት። «ጋሼ፣ ዕድሜዋ ካልታወቀ ትወረሳለች። አሥር ዓመት የሞላትን አሮጌማ ለባለቤቷ ይተዋሉ።»

«ለነገሩ… 1928 የሚል ቢኖርስ?»

«እሰየው ነዋ! በፈረንጅ አቆጣጠር ዘንድሮ 1938 ነው። ልክ አሥር ዓመቷ!»

ዓባይነህ ግንባሩን በመዳፉ መታ። የባልቴቷን መዳኛ በገዛ እጁ ነቅሎ ጥሏል፤ ይባስ ብሎ በልደታ ምሏል። «ነበረ! ሰሌዳ ነበረ!» ብሎ ጮኸ። መርማሪው ሲተረጎምለት ሳቀና «አሁንማ ሁሉም ነበረ ይላል። እስከ ቀትር ያምጣው» አለ።

ዓባይነህ ቤቱ ሲደርስ የሻረግ ልብስ እያጠበች ነው። ሳፋውን ከነውሃው፣ ከነገዛ ሸሚዙ ገለበጠው።

«አንተ ሰውዬ፣ አበድክ?»

«ባልቴቷ ልትወሰድ ነው! ሳፋው ይሻልሻል ወይስ እሷ?»

«ሳፋው!» አለች ሳታመነታ። ቢሆንም ነጠላዋን አደግድጋ ከኋላው ሮጠች፤ ባልቴቷ ብትወሰድ ቤቱ ጦሙን እንደሚያድር ታውቃለች።

መርማሪው ሳፋውን ገልብጦ አረፋውን በጣቱ ጠረገና አነበበ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባልቴቷም ዳነች፤ ነገር ግን ሰሌዳው ከመኪናዋ እንዳይለይ ታዘዘ። ሂርጳ ተጠርቶ «ከነቀልኩት ሳፋው ያፈሳል» አለ፤ የሻረግም «አይነቀልም!» ብላ ቆመች። በመጨረሻ ሳፋው እንዳለ ከባልቴቷ ግንባር ላይ በሽቦ ታሰረ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ባልቴቷ ሳፋ አንጠልጥላ ሆለታ ወጣች፣ ሰበታ ወረደች። የሻረግም ልብስ ለማጠብ መኪናዋ እስክትመለስ ትጠብቅ ነበር፤ ስትጠብቅ የተናገረችውን እዚህ አልጽፍም።

በ1933 ሚያዝያ ጣሊያን ወጣ። ሰፈሩ በእልልታ ሲናወጥ፣ ዓባይነህ በደስታ እያለቀሰ ሽቦውን ይፈታ ነበር።

«እሰይ ሳፋዬ!» አለች የሻረግ።

«ቶሎ በይ፣ ውሰጂና ደብቂው» አላት። «ጣሊያን ይዞት የገባው ንብረት ሁሉ ሊወረስ ነው አሉ። እንግዲህ 1928ን እንደኛ የሚቆጥሩት መጥተዋል።»