ድምፁ መጣ ያልኩበት ቀን

ባለፈው እሁድ ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ፊልም ከፈትኩና ምስሉ ሲሄድ ድምፁ የለም። ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይቆጣሉ፤ ቤቱ ግን ጸጥ ብሏል። ችግሩ ቀላል ነበር፤ የስፒከሩ ገመድ ላልቶ ነው። ገፋ ላደርገው እጄን ዘርግቼ ሳለሁ መሃል ላይ አቆምኩትና ለትንሽ ጊዜ አየኋቸው። ድምፅ የሌለው ሰው ሲናገር ሳይ አያ ሞላ ትዝ ይሉኛል።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ደባርቅ ውስጥ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ስልክ እጠግናለሁ፤ መዝሙርና ዘፈን በሜሞሪ እጭናለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተጣሉ ዕቃዎችን እየፈታሁ፣ ስገጥማቸው የምትተርፈዋ ብሎን የየት እንደሆነች እስክትገባኝ እየደጋገምኩ ነው የተማርኩት። በከተማው ዘመድ አልነበረኝም። ከደንበኛ በቀር ማንም ሳያናግረኝ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነበር። ምሳዬን ከመንገድ ማዶ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እገዛለሁ፤ ከመብላቴ በፊት ትንሽ እይዘዋለሁ፣ እጅ ያሞቃል።

ወሩ ጥቅምት ነው። በተዳፋቱ ላይ ያለው ገብስ ቢጫ ሆኗል፤ ከገደሉ በኩል የሚመጣው ነፋስ ቆርቆሮውን ያንቀጫቅጨዋል። በአንድ የገበያ ቀን አያ ሞላ ገቡ። ከበየዳ በጭነት መኪና ላይ ሆነው አንድ ቀን ሙሉ ስለተጓዙ ጋቢያቸው የመንገዱን አቧራ መስሏል። በጨርቅ የተቋጠረ ፍላሽ አወጡ።

«የልጄ ሰርግ ነው» አሉ። «እናትዮዋ ስትመርቅ አለችበት። እሷን ብቻ ቆርጠህ በዚች ስልክ ጫንልኝ።»

«ስልክዎ ትንሽ ነው፣ አያ። ምስሉ በደንብ አይታይም።»

«መልኳንስ ፎቶ አለኝ። ድምፅዋን ነው የምፈልገው።»

ባለቤታቸው ያረፉት በዚያው ክረምት ነበር። ይህን የነገሩኝ እንደ ዋዛ፣ የስልካቸውን ክዳን ሲከፍቱ ነው።

ፍላሹን ሰካሁት። ምስሉ ተከፈተ፤ ድምፅ የለም።

አያ ሞላ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። «ሹክሹክታ ነው እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ ነው። ይተዉልኝና ልፈልገው።»

የወንድማቸውን ልጅ ስልክ ቁጥር ትተውልኝ ሄዱ፤ እሱ ኔትወርክ የሚይዝበት ቦታ ነው የሚሠራው።

በተራ ጀመርኩ። ድምፁ ተዘግቶ እንደሆነ አየሁ፤ ክፍት ነው። ሌላ ዘፈን ከፈትኩ፤ ስፒከሩ ይጮኻል። ሌላ ቪዲዮ ከፈትኩ፤ እሱም ይሰማል። ስለዚህ ጣጣው ከዚህ ፋይል ጋር ብቻ ነው። ዝርዝሩን ስመለከት ውስጡ ድምፅ አለ፤ የታሸገበትን ዓይነት ግን የእኔ ማጫወቻ ፕሮግራም አያውቀውም። ሌላ ማጫወቻ ከኢንተርኔት ማውረድ ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ አንዴ ኔትወርኩ፣ ሁለቴ መብራቱ አቋረጠኝ። በአራተኛው ቀን አለቀ። ጫንኩት፣ ሰርጉን ከፈትኩ። ከበሮውና ጭብጨባው ክፍሉን ሞላው። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ አየሁ፤ ዘፈኑ ከጭፈራው ጋር ገጥሟል። ከዚያ በላይ ምን ላጣራ? ወዲያው ደወልኩ።

«ድምፁ መጣ በላቸው» አልኩት የወንድማቸውን ልጅ።

ብሎን የማልረሳ ሰው ነኝ እያልኩ፣ ድምፅ መኖሩን እንጂ የማን ድምፅ እንደሆነ አልሰማሁም።

አያ ሞላ በሚቀጥለው የገበያ ቀን መጡ። ያን አቧራማ ጋቢ አሳጥበውታል፤ ፂማቸውንም ተላጭተዋል። ወንበሬን ሰጠኋቸውና እኔ ቆምኩ። ምርቃቱን ፈልጌ ከፈትኩት። ደርበብ ያሉ ሴትዮ ነጭ ለብሰው ከድንኳኑ መሃል ቆመዋል፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተናገሩ። ከስፒከሩ የሚወጣው ግን ስለ ፍቅረኛው ዓይን የሚዘፍን የአንድ ወጣት ዘፋኝ ድምፅ ነው።

«ይህ ማነው?» አሉ አያ ሞላ።

«ዘፋኝ ነው።»

«እሷ እየተናገረች?»

«ይጠብቁኝ» አልኩና ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ሰርጉን የቀረጸው ሰው፣ ቪዲዮው ላይ እንደተጻፈው፣ ዳባት ነበር። ሰዓቱ ገና ረፋድ ስለነበር ፎቶ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ሲቦርሽ ደረስኩ።

«የአያ ሞላ ልጅ ሰርግ፣ የበየዳው፣ ዋናው ድምፅ የታለ?» አልኩት።

«የትኛው ድምፅ?»

«ሰዎቹ ሲናገሩ የነበረው።»

ሳቀ። «አንተ ደግሞ። በሰርግ ቪዲዮ ንግግር ማን ይሰማል? ነፋስና የሕፃን ለቅሶ ነው። ዘፈን ካላለበስኩት ባለሰርጎቹ ‹ገና አላለቀም› ብለው ይመልሱልኛል።»

«ካሴቱ ካለ . . .»

«ላዩ ላይ ሌላ ሰርግ ቀረጽኩበት። በጥር ስንት ሰርግ እንዳለ አታውቅም?» ፊቴን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን ሞተ?»

ነገርኩት። ብሩሹን እንደያዘ ተነሥቶ ገባና አንድ ሣጥን ሙሉ ካሴት እያወጣ አገላበጠ። አልነበረም።

በመመለሻው ሚኒባስ መስኮት ሥር ተቀምጬ የምናገረውን አዘጋጀሁ፤ ደባርቅ ስደርስ አንዱም አልቀረልኝም። አያ ሞላ ከወንበሩ አልተነሡም።

«አጣሃት?»

«አጣኋት፣ አያ። ጥፋቱ የኔ ነው። እስከ መጨረሻው ሳልሰማ ነው የጠራሁዎ።»

«ያን ሰውዬ ዝም አሰኘው» አሉ፣ ወደ ስክሪኑ በአገጫቸው እያመለከቱ።

ዘፈኑን ዘጋሁት። ሴትዮዋ እንደገና እጃቸውን ዘረጉ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አያ ሞላ ትንሽ ቀረት ብለው፣ ቃሉን እየተናገሩላቸው ከኋላ ተከተሏቸው።

«ውለዱ፣ ክበዱ።»

ስክሪኑ ላይ የድንኳኑ ሰው አፍ በአንድነት ተከፍቶ ተዘጋ። አያ ሞላ ጠበቁ።

«ጎጇችሁ ይሙቅ። እንግዳ አይጥፋበት።»

እንደገና አፎቹ ተከፈቱ።

«አሁን ትስቃለች፣ እየው» አሉ። «ሙሽራው ጉልበቷን ሊስም ሲያጎነብስ መነጽሩ ወድቆበት ነው።»

ሳቁ፤ ሁለቱም።

«ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ። ብቻችሁን አያድርጋችሁ።»

ሰዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ «አሜን» አልኩ። አያ ሞላ ዞር ብለው አላዩኝም።

ሲጨርሱ «እንደዚህ አድርገህ ጫንልኝ» አሉ። «ባዶውን። የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ።»

አራት ቀን የለፋሁበትን ድምፅ በጥቂት ደቂቃ አወጣሁትና ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ወደ በየዳ የሚመለሰው መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ዛሬም ደባርቅ ነኝ። ክፍሏ ሰፍታ ሱቅ ሆናለች፤ እኔ ግን አልወለድኩም፣ አልከበድኩም፤ ራቴንም የምበላው ብቻዬን ነው። የሴትዮዋን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። በዚያ ስህተት ልጸጸት ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ። በደንብ አጣርቼ ቢሆን ኖሮ «የለም፣ አይድከሙ» ብዬ በስልክ እጨርሰው ነበር፤ አያ ሞላም ጋቢ አሳጥበው ያን ሁሉ መንገድ አይመጡም ነበር። ግን ጸጸቱን አልዘልቅበትም። በዚያ ድንኳን ውስጥ ያልነበርኩት ሰው፣ የሰርግ ምርቃት ላይ አሜን ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።