አውቶቡሱ ወደ ሰቆጣ መገንጠያ የተመለሰ ዕለት

ወልድያ፣ ሊነጋጋ ሲል

የመናኸሪያው በር ገና አልተከፈተም። ከበሩ ውጭ እኛ፣ ጆንያዎቻችን፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎችና አንድ የቆርቆሮ በር የተሸከመ ሰውዬ ተፋፍገን ቆመናል። "በር ከወልድያ ድረስ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ታዲያ ሰቆጣ ስገባ ከየት ላምጣው?" ብሎ ገላመጠኝ። እውነቱን ነው። ሰቆጣ በመኪና የሚመጣ ነገር ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

እኔ ጎጃሜ ነኝ፤ ሰቆጣ ሒሳብ አስተምራለሁ። ስመደብ "ትንሽ ችለህ ዝውውር ጠይቅ" ብለውኝ ነበር። ቻልሁ፣ ጠየቅሁም፣ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ። ወልድያ የወረድሁት ለጥርሴ ሕክምና ሲሆን፣ መመለሻዬ ከአንድ ትልቅ ቀን ጋር ገጠመልኝ። ዛሬ አውቶቡስ ሰቆጣ መሀል ከተማ ይገባል።

ለአዲስ አበባ አንባቢ ይህ ወሬ አይሆንም። የኛን መገንጠያ ላላየ ግን ልንገረው። የኮረም፣ የደሃናና የገበያው መንገድ የሚገናኙት አንድ ፈፋ አፍ ላይ ነው። ያለፈው ዓመት ክረምት ጎርፉ ድልድዩን ነቅሎ ወሰደው፤ ሦስቱንም መንገድ ቦጭቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ አልመጣም። እኛ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተንጠልጥለን እስከ ፈፋው ማዶ እንመጣለን፤ ከዚያ ውሃው ከፈቀደልን ጫማችንን አውልቀን እንሻገራለን፣ ካልፈቀደልን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በሽቦ ቅርጫት እየሞላ ግድግዳውን አቆመ፤ ድልድዩም ተሠራ።

ሾፌራችን ሙሄ ይባላል፤ ነጭ ቆብ ያደረገ የቆቦ ሰው ነው። አውቶቡሱን አጥቦ ግንባሩ ላይ ቅጠል ሰክቶበታል። "ዛሬ ሙሽራ ነው የምነዳው፤ የሚያስመልሰው ሰው ካለ አሁኑኑ ይውረድ!" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

አላማጣና ግራ ካሕሱ

አጠገቤ የተቀመጠችው አልጋነሽ ትባላለች። ከሰቆጣ ወጣ ካለች መንደር ናት፤ ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ዛሬ ገና መመለሷ ነው። የሜዳው ሙቀት ሳያስጨንቃት ወፍራም ጃኬቷን እንደለበሰች ነው። እግሯ ሥር ያለውን ቦርሳ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። አላማጣ ቁርስ ልንበላ ስንወርድ እንኳ አቅፋው ወረደች።

"ምን ቢኖርበት ነው?" አልኋት።

"የእናቴ መድኃኒት። የጉልበት ቅባት ነው፤ እመቤቴ ናት የሰጠችኝ።" አንዱን አውጥታ አሳየችኝ። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ዓረብኛ ነው። "ጠዋትና ማታ እያሹ መጠቅለል ነው። እናቴ ግን ግትር ናት፤ ቅቤ ይሻለኛል ብላ እንዳታስቸግረኝ ነው የምፈራው።"

ስለ እናቷ ስታወራ ፊቷ ሁሉ ይስቃል። በክረምቱ ጎረቤታቸው ሱቅ ደውላ "አመም አርጓታል" ብለዋት ነበር። "ከዚያ ወዲህ በደወልሁ ቁጥር አንዴ ገበያ ሄዳለች ይሉኛል፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዴ ለቅሶ። ጉልበቷን የሚያማት ሰው እንዲህ ይዞራል እንዴ መምህር?"

እሷ ሳቀች። እኔ የያዝሁትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥሁት። ዋግ ብዙ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲሰማ ይገባዋል። እዚህ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይም አይነገርም። ባለ ሐዘኑ ቤቱ ይገባል፣ እህል ይቀምሳል፣ ተኝቶ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳዋል። እስከዚያ ሟች ገበያ ሲሄድ ይከርማል።

ግን ምን አውቃለሁ? ምናልባት ሴትዮዋ እውነትም ገበያ ወዳድ ናት ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አልጋነሽ ወደ ሙሄ ሄደች። "ነገ ትመለሳለህ አይደል? ሁለት ወንበር ያዝልኝ፣ የፊቱን። እናቴን ሆስፒታል ላሳክማት ነው፤ እግሯን ትዘርጋበት።"

"ቃሌ ነው እህቴ" አለ ሙሄ አፉን እየጠረገ። "ማንም አይቀመጥበትም።"

ከዚያ ግራ ካሕሱን መውጣት ነው። ተራራው እንደ መቀነት ይጠመጠማል፤ አውቶቡሱ ያቃስታል፣ ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ፣ ባለ በሩ ሰውዬ በሩን ጣሪያ ላይ ጭኖ በየመታጠፊያው "አለ? አለ?" እያለ ይጠይቃል።

ኮረም

ኮረም ጉም ውስጥ ናት። ብርዱ ያንሰፈስፋል፤ የሻይ ዋጋውም እንደ ከተማዋ ከፍ ያለ ነው። ሕምባሻ የሚሸጡ ሴቶች አውቶቡሱን ከበቡት።

ከመካከላቸው አያ ካሱ ብቅ አሉ። አውቃቸዋለሁ፤ ልጃቸውን አስተምሬዋለሁ። የአልጋነሽ አጎት፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም መሆናቸውን ግን ያወቅሁት ልጅቱ ጮኻ አንገታቸው ላይ ስትጠመጠም ነው። ሊቀበሏት ከሰቆጣ ድረስ መጥተዋል። ሳሟት፣ ደግመው ሳሟት፤ ከዚያ መልቀቅ አቃታቸው። አልጋነሽ ዓይኗን ጨፍና ስለነበር ፊታቸውን አላየችም። ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ግን አየች፤ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። ከዚያ ለልጅቱ ሻይ ቀድታ "አጆኺ ጓለይ" አለቻት፤ በትግርኛ አይዞሽ ልጄ ማለቷ ነው። አልጋነሽ የመንገድ ድካሟን ያየችላት መስሏት አመሰገነች።

አያ ካሱ ራሳቸው ላይ ወፍራም የሱፍ ቆብ ደፍተዋል፣ እስከ ጆሯቸው። ሰውዬው በጎፈሬያቸው የታወቁ ናቸው፤ ለጥምቀት ቅቤ ሲቀቡት ከሩቅ ይታያል። ልጅቱ ልትፀዳዳ ስትሄድ ክንዴን ይዘው ወደ አውቶቡሱ ጀርባ ወሰዱኝ፤ ቆቡንም በጣታቸው ሸርተት አደረጉት። ተላጭተዋል።

"መቼ?" አልኋቸው።

"በነሐሴ፤ ከዚያ ወዲህ ጠጉሬን አላሳደግሁም። ሆዷን ቆረጣትና በቃሬዛ አወጣናት። መገንጠያው ላይ ስንደርስ ፈፋው ሞልቶ ጠበቀን። መኪናው ማዶ ቆሟል፤ መብራቱን አብርቶ እናየዋለን። ሾፌሩ በእጁ ቆዩ፣ ቆዩ ይለናል። ቆየን።" ቆቡን መልሰው ጎተቱት። "እህቴ መኪናውን እያየች ሄደች፣ መምህር።"

እጃቸውን ያዝሁ።

"ኋላ መንገዱ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሜበታለሁ። እሷ ያረፈችበትን ቦታ እኔ ነኝ የሞላሁት።" ወደ ሙሄ አዩ። "ከድልድዩ ወዲህ ያውርደን፤ በእግር መንገዱ ወደ ቤት እወስዳታለሁ። ዛሬ ትብላ፣ ትተኛ። ነገ ነው። ዛሬን ብቻ እርዳኝ።"

ለሙሄ ነገርሁት። ሙሄ ሁለቱ ወንበር ትዝ ብሎት "አስተግፊሩላህ" ብሎ ግንባሩን ያዘ።

ቁልቁል ወደ ቆላው

ከኮረም በኋላ ነገሩ በጆሮ ተላለፈ። ከፊት ወንበር ወደ ኋላ፣ በሹክሹክታ፣ እጅ በአፍ ላይ። ማንም አይቀልድም። ባለ በሩ ሰውዬ እንኳ በሩን ረሳው። አውቶቡሱ ሙሉ ያውቃል፤ የማታውቀው አልጋነሽ ብቻ ናት።

ውጭ የሚታየው መሬት ለወሬ አይመችም። ድንጋይ፣ እርከን፣ የደረቀ የማሽላ አገዳ፣ ጄሪካን የጫኑ አህዮች። ወደ ቆላው ስንወርድ ጉሙ ቀረና ፀሐዩ ተተካ። መስኮት ተከፈተ፣ ጋቢ ወለቀ። የአያ ካሱ ላብ ከቆባቸው ሥር እየወጣ በጉንጫቸው ይወርዳል።

"አያ ካሱ፣ ቆቡን አያወልቁም?" አለች አልጋነሽ። "ሊቀቀሉ እኮ ነው!"

"ጆሮዬን ብርድ መትቶኛል ልጄ።"

"ወይስ ጎፈሬዎ ሸሽቷል? እናቴ በስልክ አርጅቷል ስትለኝ ነበር!" ከትከት ብላ ሳቀች። አብሯት የሳቀ አልነበረም። እኔ ለይምሰል ጥርሴን አሳየሁ፤ የታከመውም ያልታከመውም አመመኝ።

በኽምጣንጋ ከአጎቷ ጋር ማውራት ጀመረች። ቋንቋውን እስካሁን በደንብ አልያዝሁትም፤ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ እለቅማለሁ። እሷ ብዙ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ባጭሩ ይመልሳሉ፤ በየመልሱ መሀል ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ሙሄ በመስታወቱ ያየናል፤ ከኮረም ወዲህ ካሴት አልከፈተም። እንዲህ ያለ ውሸት ለአንድ ሰው አይከብድም ይላሉ፣ ሁሉም ስለሚሸከመው። እኔን ከብዶኛል።

ሰቆጣ፣ ከሰዓት በኋላ

ድልድዩ ከሩቅ ሲታይ ሙሄ ጥግ ይዞ አቆመ። "የእግር መንገድ የሚሄድ!" አለ። ድምፁ ለራሱም አላማረውም።

አያ ካሱ ተነሡ። "ነይ ልጄ፣ በዚህ ያቋርጣል።"

"የለም!" አለች አልጋነሽ። "አውቶቡሱ ሲገባማ እገባበታለሁ! እዩት ሕዝቡን! እናቴም መጥታ ይሆናል እኮ።"

አያ ካሱ እኔን አዩኝ። እኔ ሙሄን አየሁት። እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ ያለን ምክንያት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ተቀመጡ። ሙሄም ማርሽ አስገባ።

አዲሱን ድልድይ ስናልፍ እልልታው ተቀበለን። መገንጠያው ሰው በሰው ሆኗል። ሴቶች ከበሮ ይዘዋል፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቷል፣ ባለሥልጣኑ ሪባን የሚቆርጥበትን መቀስ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ያን ሁሉ ድንጋይ የተሸከሙት ከኋላ፣ ጥግ ላይ ናቸው። ሁላችንም ወርደን አውቶቡሱ ፊት እንድንቆም ተነገረን። አልጋነሽ ቦርሳዋን አቅፋ በጣቷ ጫፍ ቆማ ሕዝቡን ታስሳለች። አያ ካሱ ቀኝዋ ናቸው፣ እኔ ግራዋ።

ካህኑ ጥላ ተይዞላቸው መጡ። መስቀላቸውን አውቶቡሱ ላይ አሳርፈው ባረኩ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ወጪ ወራጁ ለመኑ። ከዚያ "አቡነ ዘበሰማያት እንበል" አሉ።

በዚህ አገር ይህ ሲባል ወንድ ራሱን ይገልጣል። ማንም ጠይቆ አያደርገውም። ባርኔጣው፣ ጥምጣሙ፣ የወታደሩ ቆብ፣ ሁሉም ወረደ። የአያ ካሱም እጅ ከሃሳባቸው ቀድሞ ሄደ። ቆቡን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ።

ክንዳቸውን ልይዝ ዞርሁ፤ አልደረስሁም። አልጋነሽ ራሳቸውን እያየች ነበር። ምላጩ ያለፈበት ራስ ፀሐዩ ላይ ነጥቶ ይታያል፣ ጠጉሩ ገና ብቅ ብቅ እያለ።

"አያ ካሱ" አለች በቀስታ። "ለማን ነው?"

ጸሎቱን አቋርጠው ዓይናቸውን ገለጡ። ቆቡን አዩት። መልሰው ሊደፉት ሞከሩ።

"እናቴ ናት?"

"እህል ቀምሰሽ..." አሉ አያ ካሱ፣ ሌላ ነገር ጠፍቷቸው። "እህል ቀምሰሽ ነበር የምንነግርሽ ልጄ።"

ቦርሳው ከእጇ ወደቀ። የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አጠገባችን ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ገልብጠው ከበቧት። ከአውቶቡሱ ወዲያ ያለው ሕዝብ ግን አልሰማም፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ከበሮው ተመታ። ወዲህ ለቅሶ፣ ወዲያ እልልታ። አልጋነሽ ደረቷን እየመታች "የት ነው? የት ነው ያረፈችው?" ትላለች። የአያ ካሱ ዓይን ወደ አውቶቡሱ ጎማ፣ ራሳቸው ወደሞሉት ድንጋይ ሄደ፣ እሷም ተከትላ አየች።

ሙሄ ነጭ ቆቡን እንዳደረገ አጠገቤ መጣ። "ቆብ ማውለቅ ምን ክፉ ነገር ነው" አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

በማግሥቱ፣ ሲነጋ

ጠዋት ለቅሶ ልደርስ ስወጣ በመገንጠያው አለፍሁ። ቅጠሉ ከአውቶቡሱ ግንባር ረግፏል። ሰዉ እስከ በሩ ቆሞ ሞልቷል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቧል። ከሾፌሩ ጀርባ ያሉት ሁለት ወንበሮች ግን ባዶ ናቸው።

"ሰው እየቆመ ምን ዓይነት ጥጋብ ነው!" ትላለች አንዲት ሴት። "ለማን ነው?" ይላል ሌላው። ሙሄ መሪውን እንደያዘ ነው። ሲያየኝ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"ምናልባት ትሄድ እንደሁ ብዬ ነው" አለኝ። "ዘመድ ጋ፣ ወይ ወደመጣችበት። ቃል ሰጥቻታለሁ።"

"አትሄድም ሙሄ። ገና ዛሬ ነው ለቅሶ የምትቀመጠው።"

ራሱን ነቀነቀ። ቢሆንም ጥቂት ጠበቀ፤ ወደ መንደሯ የሚወስደውን የእግር መንገድ እያየ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ሁለቱን ወንበር ባዶ እንደያዘ ወጣ። ከድልድዩ ወዲያ ማን እንደተቀመጠባቸው አላየሁም።