የእናቴ ሁለተኛ ዓይን

ሥዕሌ ተመረጠ! ሐሙስ ጧት የሥዕል መምህራችን ከክፍል አስጠርተው ነገሩኝ። አምና ባሕር ዳር ሄደን ያየነው የናይጄሪያ ወጣት ሠዓልያን ዐውደ ርዕይ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወረታ ይመጣል፤ በከተማችን አዳራሽ ይታያል። አንዱ ግድግዳ ደግሞ ለኛ ለፎገራ ወረዳ ልጆች ተትቷል። እዚያ ግድግዳ ላይ እናቴ ትሰቀላለች። እናቴ ስል ሥዕሏን ማለቴ ነው፤ አትፍረዱብኝ፣ ደስታው ነው የሚያናግረኝ።

ለትምህርት ብዬ ወረታ ቤት ተከራይቼ ከጓደኛዬ ጋር ነው የምኖረው። ወሬውን እንደሰማሁ ግን ልቤ ሮጦ የገባው ቤታችን ነው፤ ያ ሥዕል የተሠራበት ክረምት። ከተማ ከገባሁ ወዲህ የሩዝ ማሳው ውኃ ሽታ እንኳ ይናፍቀኛል።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ይሥላሉ። ልጅ ሆኜ ብሩሽ የማጥብላቸው እኔ ነበርኩ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን አቡጀዲ ወጥረው ሲሥሉ ከሥራቸው ቁጭ ብዬ እጠይቃለሁ፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ ይመልሳሉ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ስለ ዓይን ነው። ጻድቅ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ኃጢአተኛ ግን ከጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እኔም የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ እያየሁ ደጉንና ክፉውን በዓይን ቁጥር ስለይ አደግሁ።

ያን ክረምት እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በወንፈል ሩዝ ታርማለች። ምሳ ይዤላቸው ሄድኩና የማሳው ድንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ውኃው እስከ ጉልበታቸው ነው፤ አጎንብሰው በረድፍ እየሄዱ ይሳሳቃሉ።

"ኧረ አልቅት ያዘኝ!" ትላለች አንዷ።

"ተሳስቶ ነው፤ ደም ያለሽ መስሎት!" ትላለች እናቴ ከጎነበሰችበት ቀና ሳትል።

ከተቀመጥኩበት የሚታየኝ አንድ ጎኗ ብቻ ነበር፤ ላብ ያራሰው ጉንጯ፣ ጉትቻዋ፣ ወደ ውኃው ያዘነበለ አንድ ዓይኗ። በደብተሬ ነደፍኳትና ቤት ስገባ ከአባቴ በተረፈ ቁራጭ አቡጀዲ ላይ በቀለም ሠራኋት።

አባቴ አዩት።

"ይቺ ማን ናት?"

"እማዬ ናት፣ አባባ።"

"ሁለተኛው ዓይኗስ?"

"በወዲያ በኩል ነው።"

"እናትሽን ከይሁዳ ጎን አቆምሻታ!"

እናቴ ከጓዳ ሰማች። "ምን አጥፍቼ ነው? ሩዝ ስላረምኩ?" ብላ ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቁም። አቡጀዲውን ጠቅልለው ቆጥ ላይ ወረወሩት። ከዚያ ወዲያ ለሥዕል ብዬ እርሳስ አልያዝኩም። እናቴን የሰደብኳት መሰለኝ። ብሩሻቸውን ማጠብ አልተውኩም፤ መጠየቅ ግን ተውኩ።

አምና መምህራችን ወደ ባሕር ዳር ሲወስዱን አባቴም ቀለም ሊገዙ አብረውን ተሳፈሩ። "እኔ ከናንተ ሥዕል ምን አለኝ፤ ደጅ እጠብቃለሁ" ብለው ነበር። ፀሐዩ ሲበረታባቸው ግን ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ።

አንዱ ሥዕል ቢጫ ታክሲ በታክሲ ላይ የተደራረበበት የከተማ ግርግር ነው። ሌላው ሰማያዊ ቀሚስ የለበሱ ሦስት እኅትማማቾች፤ አባቴ አፍንጫቸው ሸራውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው "ይህን ሰማያዊ በምን አገኘው?" አሉ። ከዚያ ጥግ ላይ ካለው ሥዕል ፊት ቆሙ። ጀልባ ላይ የተቀመጠች፣ ዓሣ የሞላበት ሳፋ ያቀፈች ሴት ናት። ከጎን። በአንድ ዓይን።

"ልጄ፣ ይህች ሴት ምን አጥፍታ ነው?" ብለው አስጎብኚዋን ጠየቁ።

ልጆቹ ሳቁ። አስጎብኚዋ ግራ ገባት፤ እኔ የአባቴን ነገር በጆሮዋ ነገርኳት።

"አይ አባቴ፣ ምንም አላጠፋች። የሠዓሊው እናት ናት" አለች። "ልጅ ሆኖ ገበያ ሲሄዱ ጀልባው ላይ ከጎኗ ነበር የሚቀመጠው። እንደዚያ ነው የማስታውሳት ይላል።"

አባቴ ወደ ሥዕሉ ጎን ሄዱና አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ከወዲያ በኩል ሊያዩ ሞከሩ። ልጆቹ እንደገና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ተመልሰው አጠገቤ ቆሙና ወደኔ ሳያዩ፣ "እንግዲህ ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ነው የሚያያት" አሉ።

ከባሕር ዳር አብሬያቸው ቤት ገባሁ፤ በማግስቱ ቆጥ ላይ ወጥተው የኔን ሥዕል አወረዱት። አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ዘረጉት።

"ለቤተ ክርስቲያን አይሆንም፤ ሥርዓት ሥርዓት ነው። ለእናትሽ ግን ይሆናል። እግሯን አስተካክይው እንጂ! ውኃ ውስጥ የቆመ እግር እንዲህ ቀጥ አይልም።"

ያን ቀን እኔ ሣልኩ፤ ብሩሹን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ሥዕሉን ለመምህራችን የሰጠሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሐሙስ ዕለት ለእናቴ ደወልኩላት።

"ወረታ ሁሉ ሊያየኝ? በዚያ በጭቃ ቀሚሴ?"

"አዎ እማዬ።"

"እንግዲያስ ይምጡ በያቸው። ሁለተኛው ዓይኔም ደኅና መሆኑን ግን ንገሪልኝ።"

ይኸው ነገርኳችሁ። ኑ፤ ጀልባዋ ላይ ያለችውን እናትም፣ ሩዝ ውስጥ ያለችውንም እዩ። የኔዋን ከፊት ለፊት ሆናችሁ ሳይሆን ድንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ዝቅ ብላችሁ እዩልኝ። ሌላውን ዓይኗን ማየት የፈለገ ዞር ይበል፤ እናቴ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ከአባቴ ጋር በሩ አጠገብ ትቆማለች።