ወርሰሜ ጫቱን ትፋ የተባለ ዕለት

ኢድሌ ሮብሌ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ክንድ ላይ ጨርቅ እየጠመጠመ የደም ግፊት ሲለካ የኖረ ነርስ ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፈው አንድ ቅጽል ስምና አንድ ንዴት ነው። ስሙ «ኢድሌ ግፊት» ነው፤ ባልባላ ሰፈር ገብቶ ኢድሌ ሮብሌ የት ነው የሚኖረው ብሎ የጠየቀ ሰው ቤቱን አያገኝም። ንዴቱ ግን ስም የለውም። ሰውን የሚያድነውን ነገር ሲነግሩት በትሕትና ራሱን ነቅንቆ፣ አመስግኖ፣ መርቆ፣ ከክሊኒኩ በር እንደወጣ ሲጋራውን የሚለኩሰውን ሰው ጀርባ በመስኮት ሲያዩ ኖሮ የሚጠራቀም ንዴት ነው።

ጡረታ ሲወጣ ንዴቱም አብሮት ጡረታ የሚወጣ መስሎት ነበር። አልወጣም። ከክሊኒክ ወደ መብረዝ፣ ወደ ጫት መቃሚያው ቤት፣ ብቻ ነው የተዛወረው።

መብረዙ የወርሰሜ ነው። ወርሰሜ የእህቱ የሆዳን ባል፣ ከዚያም በፊት አብሮ አደጉ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ወደቡ ላይ ክሬን የነዳ፣ ትከሻው በር የሚያህል፣ ሳቁ ከግቢ ውጭ የሚሰማ ሰው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ከተማ ገብቶ የመኪናው ጡሩምባ ሲጮህ፣ ጅቡቲ ውስጥ ወንድ የተባለ ሁሉ እስሩን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ወደየመብረዙ ይገባል። ከዚያ እስከ ምሽት መንገድ ላይ የሚቀሩት ፍየልና ኢድሌ ናቸው፤ ኢድሌ ጫት ካቆመ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከፍየል ጋር መዋል ስለማይቻል እሱም ይገባል። በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ስኳር የሌለው ሻዩን ይዞ የትናንት ጋዜጣ ያነባል።

ወርሰሜ ግፊቱ መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር ነው። ክኒን ታዞለታል፤ የሚውጠው ግን ራሱን ሲያመው ብቻ ነው።

«ካላመመኝ ምኑን ላክመው?» ይላል።

«ግፊት እኮ አያምም! ሳያምህ ነው የሚገድልህ። በየቀኑ ነው የሚዋጠው።»

«ዛሬ ከዋጥኩት ምርቃናዬን ይበላብኛል። ነገ ጠዋት እውጣለሁ፣ ወላሂ።»

ነገም ጫት ይመጣል። ነገ ማለት ለወርሰሜ ጫት የማይመጣበት ቀን ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ በዓመት ሁለቴ ቢገኝ ነው። በላዩ ላይ ሲጋራው አለ፤ ከሰባት ሰዓት እስከ ምሽት ሁለት ፓኮ። በላዩ ላይ ሆዳን ከድስቱ ስትቀንስ እሱ በማንኪያ የሚጨምረው ጨው አለ። ይህን ሁሉ ኢድሌ በቃሉ ያውቀዋል፤ ሲመክረውም በቃሉ ነው፤ ወርሰሜም ምክሩን በቃሉ ይዞታል፤ ኢድሌ ጀምሮት ወርሰሜ ይጨርሰዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

መብረዝ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በሽታና ሞት አይነሳም፤ ምርቃና ይሰብራል። ሰዓትም አይታይም። ወርሰሜ የግድግዳውን ሰዓት በገዛ እጁ ነው ያወረደው፤ «ሰዓት ያለበት ምርቃና ቢሮ ነው» ብሎ። ኢድሌ ሁለቱንም ሕግ ሲጥስ ኖሯል። ስለ ፊት መጣመም፣ ስለ ክንድ መዛል፣ ስለ አንደበት መተሳሰር በወሬ መሐል ሸርተት እያደረገ ያስገባል፤ ከእነዚህ አንዱ በድንገት ከመጣ አንድ ደቂቃም አትቆዩ ይላል። ኸይሬ የሚባለው የጥንቱ የባቡር ጣቢያ ቲኬት ቆራጭ ያን ጊዜ ጆሮውን በትራስ ይደፍናል።

ኢድሌን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። እነዚያ ሦስት ምልክቶች መብረዝ ውስጥ አይታዩም። ሰው ሁሉ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል፤ ማን የማን ፊት እንደተጣመመ ያውቃል? ሰው ሁሉ ግራ ክርኑን ተደግፎ ሰዓታት ይጋደማል፤ ክንዱ ቢደነዝዝ ማን ይደነቃል? ሰው ሁሉ አፉ ሞልቶ ይንተባተባል። አንድ በሽታ ራሱን የሚደብቅበትን ቤት ሥራልኝ ብሎ ሰይጣንን ቢያዝ፣ ሰይጣን ከዚህ የተሻለ አይሠራም ነበር።

በሐምሌ፣ አንድ ሐሙስ ቀን ነው። የውጭው ንፋስ ከእቶን እንደሚወጣ ነበር፤ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ማራገቢያው ይጮኻል። የአስር ሶላት አዛን ሲያበቃ ወርሰሜ ቴርሙሱን አንስቶ ለኢድሌ ሻይ ቀዳለት።

«ስኳር የሌለው ሻይ የሚጠጣ ሰው ለቅሶ ቤት ነው የሚቀመጠው፣ ሴዲ» አለው፤ ሴዲ የሚለው አማቹን ነው።

ከዚያ ወሬው ቀዘቀዘና ሁሉም ወደየሐሳቡ ገባ። ምርቃና ሲጠልቅ እንዲህ ነው፤ ዝምታው ይከበራል። ኢድሌ ጋዜጣውን ገለጠ። ጥቂት ቆይቶ ቀና ሲል ወርሰሜ አንድ ቅጠል ቀንጥቦ ወደ አፉ ሲወስድ አየው። ቅጠሉ አፉን ስቶ ደረቱ ላይ ወደቀ። ደግሞ ቀነጠበ፤ አሁን ግንዱ ራሱ ከእጁ ወደቀ። ወርሰሜ እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየው። አንድ ነገር ለማለት ሞከረ፤ የወጣው ቃል አልነበረም።

«መርቅኗል ጌታው» አለ ኸይሬ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ተዉት ይብረር።»

ኢድሌም ለአፍታ እንደዚያው አሰበ። መርቅኗል አለ በልቡ። ሃያ ሰባት ዓመት የሠራበትን ነገር ዓይኑ ሥር አስቀምጦት እሱም መርቅኗል አለ። ያቺን አፍታ እስከ ዛሬ ለራሱ ይቅር አላለም። ከዚያ ነው አረንጓዴው ምራቅ ከወርሰሜ ከንፈር ጥግ ሲወርድ ያየው። ጫቱ ያለው በግራ ጉንጩ ነው። ምራቁ የሚወርደው በቀኝ ነው።

ጋዜጣውን ጣለና ተንበረከከ። «ወርሰሜ፣ ትፋው።»

ቤቱ ሁሉ ዓይኑን ገለጠ። ሰውን በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ፍራሹ ላይ፣ እንግዶቹ ፊት ጫትህን ትፋ ማለት ከቤትህ ውጣ ከማለት አይሻልም።

«ምን አልክ?» አለ ባለ ታክሲው ደሂር።

«ይትፋ! ፊቱን ልየው።»

«ዋርያ፣ የምርቃና ሰላቢ!» አለ ኸይሬ። «አሥራ አንድ ዓመት በምክር ስትሰልበን ኖረህ፣ አሁን ደግሞ በእጅህ ልታወጣው?»

ወርሰሜ በቁጣ አየውና ራሱን ነቀነቀ። መንጋጋውን ገጠመ።

«እሺ፣ ሁለቱንም እጅህን አንሳልኝ። ለእኔ ብለህ።»

ግራው ተነሳ። ቀኙ እስከ ደረቱ ደረሰና እንደ እርጥብ ፎጣ ወደቀ።

«ተኝቶበት ነዋ!» አለ ደሂር። «የእኔም ይደነዝዛል።»

«የተኛው በግራው ነው! የወደቀው ቀኙ! ዓይን የላችሁም እንዴ?»

ኢድሌ ወርሰሜን ደግፎ ወደ ጎን አዘነበለውና ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ጫቱን ጠረገው። ወርሰሜ ነከሰው። ደግሞ ሞከረ፤ አረንጓዴው ጉርሻ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ጉንጩ ሲጎድል ፊቱ ተገለጠ፤ የቀኙ ግማሽ ከምስማሩ እንደ ወለቀ ልብስ ወርዷል።

ያኔ ደግሞ ሁሉም ሐኪም ሆነ።

«ስኳር አንሶት ነው፤ ቀዝቃዛ ኮካ አምጡ!»

«ጠብታ ውኃ አፉ እንዳይገባ! ትን ይለዋል!» አለ ኢድሌ።

«ማራገቢያው ነው፤ ንፋስ መቶት ነው። ሼኹን እንጥራ።»

«ትንሽ ይተኛ፤ ሲነቃ ይለቀዋል።»

«ሲነቃ!» ኢድሌ ድምፁ ተሰበረ። «ሲነቃ አይናገርም! ሲነቃ አይቆምም! ደሂር፣ መኪናህን አስነሳ!»

ደሂር ኪሱን ዳበሰ። ትራሱን አነሳ። ቁልፉ የለም። ሦስት የስድሳ ዓመት ሽማግሌዎች በአራት እግራቸው ወለሉን የሞላውን ገራባ ሲበትኑ ሆዳን ጩኸት ሰምታ መጣች። ወንዶች ሲቅሙ ሴት የማትገባበትን ደፍ ከነጫማዋ ተሻገረች። ባሏን አየችው፣ ወንድሟን አየችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ከኸይሬ ትራስ ሥር ቁልፉን አወጣች።

«ተሸከሙት» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሆስፒታሉ ደርሰው ወጣቷ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «በስንት ሰዓት ጀመረው?»

«አሁን ነው ዶክተር፣ አሁን!» አለ ደሂር።

«ኧረ ከምሳ ጀምሮ ዝም ብሏል» አለ ኸይሬ።

«አንተ ዓይንህን ጨፍነህ አልነበር እንዴ?»

«አንተስ?»

«ስሙኝማ» አለች ሐኪሟ። «ጭንቅላቱን በሲቲ ስካን አንስተን ደም ካልፈሰሰ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። የሚሰጠው ግን ከጀመረው አራት ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ነው። ሰዓቱን ካላወቅሁ አልሰጠውም። ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው?»

በዚያ ቤት ውስጥ ሰዓት ማወቅ ነውር ነበር፤ እነሆ አሁን የሰው አንደበት በሰዓት ተንጠለጠለ። ኢድሌ በንዴት ጓደኞቹን በክርኑ ገፍቶ ወደ ሐኪሟ ቀረበ። ከዚያ፣

«የአስር ሶላት አዛን ሲያበቃ» አለ። «በቀኝ እጁ ቴርሙስ አንስቶ ሻይ ቀዳልኝ። ሰደበኝም። ስድቡ ጥርት ያለ ነበር።»

ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። «ዘጠኝ ተኩል ገደማ። አሁን ከአስር ተኩል ጥቂት አልፏል» አለችና ሮጠች።

ደም አልፈሰሰም ነበር። መድኃኒቱ ተሰጠው። ወርሰሜ ዳነ፤ ዳነ ማለት ግን እንደ ድሮው ሆነ ማለት አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት በዱላ ቆሞ ሽንት ቤት ይሄዳል፤ ቀኝ እጁ ማንኪያ ይይዛል፣ ይጥላል። ቃላቱ ይመጣሉ፤ ግን አንድ በአንድ ነው፣ እንደ ጡረተኛ ሰልፍ። ክኒኑን ጠዋት ጠዋት ሆዳን እጁ ላይ አስቀምጣ እስኪውጥ ትቆማለች። መብረዙን ቆልፋዋለች። ጓደኞቹ ወደ ደሂር ቤት ተዛውረዋል።

ተዛወሩ እንጂ አልተለወጡም። አንድ ቀን ኸይሬ ኢድሌን መንገድ ላይ አቆመው።

«ኢድሌ፣ ክንዴ ሰሞኑን ይደነዝዘኛል። ግን ግራው ነው። ግራው ከሆነ ክርን ነው፣ አይደል? አንተ ነህ ያልከው።»

«እኔ?»

«ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። በቀኝ ከሆነ በሽታ፣ በግራ ከሆነ ፍራሽ። ኢድሌ ግፊት ነው ያለው ይላሉ።»

ኢድሌ አስፋልቱ መሐል ቆሞ ጮኸ። «በግራም ይመታል! በቀኝም ይመታል! በድንገት ከመጣ፣ በየትም በኩል ይሁን፣ ሮጠህ ሂድ ነው ያልኩት! አምስት ደቂቃ ቆይቶ ቢተውህም ሂድ!» ታክሲዎች ጡሩምባ ነፉበት። ኸይሬ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ፣ አመሰገነው፣ መረቀውና ሲጋራውን ለኮሰ።

ኢድሌ ከዚያ በቀጥታ ወርሰሜ ቤት ሄደ። ንዴቱን የሚያወጣበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ወርሰሜ ግቢው ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኢድሌ ስለ ኸይሬ ነገረው፤ ስለ ሰፈሩ ነገረው፤ ሰው የሚባል ፍጥረት ከተነገረው ውስጥ የሚያስተኛውን ብቻ መርጦ እንደሚሰማ ነገረው። ወርሰሜ እስኪጨርስ ጠበቀ።

«ከዚያ... በፊትም» አለ።

«ከምን በፊት?»

«ከ... ሐሙሱ። ሁለት ሳምንት። ጢሜን... ስላጭ።» ግራ እጁን አንስቶ ቀኙን አሳየ። «ምላጩ ወደቀ። እጄ... ሞተ። ሻይ እስኪፈላ። ከዚያ... መጣ።»

ኢድሌ ደሙ ወደ ራሱ ሲወጣ ተሰማው። ማስጠንቀቂያው መጥቶ ነበር። ደጅ አንኳኩቶ፣ ሰላም ብሎ ሄዶ ነበር። ያን ዕለት መጥቶ ቢነግረው፣ ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ይህ ሁሉ ላይመጣ ይችል ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ወርሰሜ ቃሉን ለረጅም ጊዜ ፈለገው።

«ስለ... ምትናገር።»

ኢድሌ መልስ ነበረው። ሃያ ሰባት ዓመት ያከማቸው መልስ አፉ ላይ መጥቶ ቆሟል። ግን ቀስ ብሎ ገባው። ከደጁ የራቀው በሽታውን የፈራ ሰው ብቻ አይደለም፤ እሱን የፈራም አለ። ሰው የታመመ ዕለት መጀመሪያ የሚያስበው የኢድሌን ስብከት ከሆነ፣ የታመመውን ይደብቃል። እውነቱን በጣም አብዝቶ ሲናገረው ኖሮ፣ እውነቱ ራሱ ሰውን ከበሩ የሚመልስ ውሻ ሆኖ ነበር። ይህ ይበልጥ አናደደው፤ ግን አሁን ንዴቱን የሚያወርድበት ሰው አልነበረም።

«ተቆጣ... እንጂ» አለ ወርሰሜ።

«አልቆጣም።»

«ታመምክ... እንዴ?»

ኢድሌ ሳይወድ ሳቀ። ወንበሩን ሳበና ጉልበት ለጉልበት ተጠግቶ ተቀመጠ።

«ሌላ የደበቅከኝ ካለ ንገረኝ» አለው። «ዝም ብዬ ነው የምሰማው።»

ወርሰሜ ዓይን ዓይኑን አየው፤ እውነቱን መሆኑን የሚፈትን ይመስል። ከዚያ ጀመረ። ባለፈው ረመዳን... አንድ ዓይኑ... መጋረጃ... እንደ ወረደበት። አንዱን ቃል ፍለጋ ሄዶ ይዘገያል፤ ኢድሌ ቃሉን ያውቀዋል፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ አላቀበለውም። ጠበቀው። ወሬው ረጅም ነበር፤ ጥላው ከወንበራቸው ላይ ሸሽቶ ፀሐዩ እግራቸው ድረስ መጣ፤ ሁለቱም አልተነሱም።